ዲዛ የሚያስመው ዳገት

ከቆላ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ውኃ ስንቀዳ አንድ ጊዜ፣ ገበያ ስንወርድ አንድ ጊዜ፣ የማኅበር ዕለት ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ «እስቲ ንገሪን» እያሉ ጎረቤቶቼ ሲያስለፈልፉኝ ወሬው በተነገረ ቁጥር እየረዘመ ሄደ። በቀደም አንደኛዋ «ቅቤው የፈሰሰው ባንድ ሰው ላይ ነው ብለሽን ነበር፤ ዛሬ ሦስት አደረግሻቸው» ብላ አሳቀችብኝ። ስለዚህ የትንሿን ልጄን ደብተር ለምኜ እንደሆነው አድርጌ ጻፍኩት። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድም ነገሩ ቀጥ ያለ ነው።

የሄድኩት አገር ለማየት አይደለም። ትልቋን ልጄን ትርንጎን ላመጣት ነው። ትርንጎ የጤና ትምህርት ጨርሳ ኮኪት ከተመደበች ስምንት ወሯ ነበር። ኮኪት መተማ ነው፤ መተማ በረሃ ነው፤ በረሃ ማለት ደግሞ ለኔ ታላቅ ወንድሜ ነው። ሰሊጥ አርማለሁ ብሎ ወርዶ ንዳድ ያዘውና እዚያው ቀረ። ለኛ የመጣልን ጋቢው ብቻ ነበር። ያን ጊዜ እኔ አሁን ትርንጎ ያለችበት ዕድሜ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ልጄ በስልክ «እማዬ፣ ደኅና ነኝ፣ ብስክሌት መንዳት ለመድኩ» ስትለኝ ደኅና ነኝ ያለችውን አላመንኳትም፤ ብስክሌቱን ሳስብ ደግሞ እንቅልፍ አጣሁ።

መንገዱ ሰላም ሆኗል ሲባል ገብርኤል ደጅ ቆሜ ተሳልኩ። «ልጄን ይዤ ከተመለስኩ ጥላ አስገባለሁ» አልኩ። ወደ ደጋ ተዛውራ የምትመጣበትን ማመልከቻ ትጽፍ እንደሆነ ነው እንጂ፣ ያዙኝ ልቀቁኝ ብዬ በገመድ አስሬ እንደማላመጣት አውቃለሁ። ጽፋ ከፈረመች ግን ለኔ መጣች ማለት ነው።

ሰኞ

ከዳባት በላይ ካለው ቤቴ የወጣሁት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ነው። የያዝኩትን ልቁጠርላችሁ። አንድ ቅል ለጋ ቅቤ፣ በሶ፣ ግማሽ ማዳበሪያ ድንች፣ ሁለት ጋቢ፣ አንድ ሹራብ በላዬ፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ በክር ሰክቼ ባንገቴ። ነጭ ሽንኩርት ንዳድን ያርቃል ይባላል። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ አየኝና «ልጅሽን ልትጠይቂ ነው ወይስ ልትዘምቺ?» አለኝ። ማዳበሪያዬን ተሸክሜ ወጣሁ።

ጎንደር የደረስኩት ከሰዓት ነው። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ያዝኩ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ክፍሉን ስታሳየኝ አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አድርጋ «እናቴ፣ ወጥ ይዘዋል?» አለችኝ። ያንገቴን ክር አሳየኋት። ሳቀች እንጂ አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ለእግሬ ሙቅ ውኃ አምጥታ «ነገ የሚሄዱበት አገር ሙቅ ውኃ በቧንቧ ነው የሚመጣ፣ ማንም አይሞቀውም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ማለዳ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጠው አዳሙ የሚባል የጎጃም ሰው ነው። ራሱን የተላጨ፣ ማጭዱን በጨርቅ የጠቀለለ፣ የሰሊጥ አጨዳ ለመሥራት የሚወርድ። ሚስትና አራት ልጆች አሉት።

«ኸየት ነዎት እማማ?»

«ከዳባት።»

«ይሄ ያንገትዎ ጌጥ የዳባት ነው?»

«ንዳድ እንዳይዘኝ ነው።»

«እኔ ይኸው አራት ዓመት ስመላለስ ንዳዱ ሁለት ጊዜ ይዞኛል» አለ። ቀጠለና «ሽንኩርት አልያዝሁም ነበር» ብሎ ወደኔ ጠጋ አለ።

እስከ አይከል ድረስ አገሩ ያገራችን ዘመድ ነው፤ ጤፉም ዳገቱም ያስታውቃል። ከአይከል በኋላ ግን መንገዱ ይወድቃል። ወረደ አልልም፣ ወደቀ ነው። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ሲዘልቅ ጆሮዬ ተደፈነ። መጀመሪያ የላይኛውን ጋቢ አወለቅሁ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቀጥሎ ሹራቤን። ከዚያ በታች የሚወልቅ ቢኖርም ነውር ስለሆነ ተውኩት። እኛ ጋ በጥቅምት ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እዚያ በዚያው በጥቅምት ሰው በነጠላ ራሱን ያራግባል።

ይኼኔ ነው ቅቤው የመጣው። ቅሉን ከራሳችን በላይ ካለው የዕቃ ማስቀመጫ ላይ አድርጌው ነበር። እኛ ቤት በጥቅምት ቅቤ በቢላዋ ነው የሚቆረጥ፤ እንዲህ ሆኖ የሚፈስ ነገር መሆኑ እንዴት ይታሰበኝ? አንዲት ጠብታ የአዳሙ መላጣ ላይ ጠብ አለች። በእጁ ጠረጋት። ሁለተኛዋ ጠብ አለች። አሸተታት። ሦስተኛዋ በግንባሩ ወርዳ ቅንድቡ ላይ ቆመች።

«እማማ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ ነገር ኸሰማይ ነው ኸእርስዎ?»

እኔ ለመነሣት ስሞክር መኪናው ተጠማዘዘና ቅሉ ዘነበለ። ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር ያሳፍራል። አዳሙ ከራሱ እስከ ጉልበቱ ተቀባ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። የአውቶቡሱ ረዳት «ጸጉሯን የምትቀባ ወደ ፊት ትምጣ፣ ቅቤው የዳባት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁለት ሴቶች እውነትም መጥተው ከቅሉ አፍ እየጠቀሱ ተቀቡ። እኔ በሃፍረት ራሴን ነጠላ ውስጥ ስከት አዳሙ «ግድ የለም እናቴዋ፣ ኸሠርጌ ወዲህ ቅቤ የቀባኝ ሰው የለም» አለኝ። ገንዳ ውኃ ስንደርስ አውቶቡሱ በሙሉ የክርስትና ቤት ይሸት ነበር። ቅቤው የፈሰሰበት ሰው ግን አንድ ነው፤ ሦስት ያልኩት ውሸቴን ነው።

ኮኪት ወረድኩ። የጭነት መኪና፣ ትራክተር፣ ማጭድ የያዘ ሰው፤ ገበያችን ጥምቀት ሲውልበት እንኳ እንዲያ አይሞላም። ሙቀቱ ከመሬት ወደ ላይ ይመጣል። ልጄን በዐይኔ ስፈልግ አንዲት ቀሚስ በሱሪ ላይ የደረበች ሴት በብስክሌት ሰዎቹን ሰንጥቃ መጥታ ፊቴ ገጭ አድርጋ ቆመች። ክንዷ ጠንክሯል፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ ጥርሷ ያው ነው።

«እማዬ! ምን ይሸታል?»

ስምንት ወር ያላየችኝ ልጄ የመጀመሪያ ቃሏ ይኼ ነው። አቅፌ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ የብስክሌቱን የኋላ መቀመጫ እየመታች «ነይ ውጪ፣ ቤቱ ቅርብ ነው» አለችኝ።

«እኔ? በሁለት ጎማ? ባራት እግር እንኳ በቅሎ ጥላኛለች!»

በባጃጅ ሄድኩ። እሷ ከጎኔ እየነዳች በመስኮቱ ታወራኛለች። እኔ «ፊትሽን ወደ ፊት!» እያልኩ ደረስን።

ያከራየቻት ሐዋ የምትባል ነጋዴ ናት። እኩያዬ ትሆናለች፣ ግን እንደ እናት ተቀበለችኝ። ከሳርና ከእንጨት የተሠራ ጥላ ሥር፣ ራኩባ ይሉታል፣ አስቀምጣ ቀይ የቀዘቀዘ ከርከዴ፣ ከደረቅ አበባ የሚፈላ መጠጥ፣ ሰጠችኝ። ድንቹን ስታይ እጇን ጭኗ ላይ መታች። «የደጋ ድንች! ኻላስ፣ ዛሬ ድግስ ነው!» አለች። ኻላስ ማለት አለቀ፣ በቃ ማለት ነው፤ እዚያ ሰው ሁሉ ይለዋል። መኝታችን ግቢው ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ፣ አጎበር ተጥሎበት፣ ጣራ የለ በር የለ። እኛ ቤት በር ተወርውሮ በላዩ ሙቀጫ ይደገፋል። ሐዋ የራስጌዬን አንሶላ በውኃ ነክራ አልብሳኝ «እዚህ የሚፈራው ቤት ውስጥ መተኛት ነው እህቴ» አለችኝ። ነጭ ሽንኩርቱን አልጋው ላይ አሰርኩና ተኛሁ። ደክሞኝ ስለነበር ለመፍራት ጊዜ አልነበረኝም።

ረቡዕ

ትርንጎ ሥራ ስለነበራት ሐዋ ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ መተማ ዮሐንስ ይዛኝ ሄደች። አገር የሚያልቅበትን ቦታ አየሁ። ሲያልቅ ሌላ ቀለም የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ አፈሩ ያው ነው፣ እሾኹ ያው ነው፣ ማዶ የቆመችው ፍየል እንኳ ያቺው ናት። የተለየው ሰዉ ነው። ጦርነት ሸሽተው በእግር የሚሻገሩ አሉ። አንዲት ረዥም ሴት ፍራሽ በራሷ ተሸክማ፣ ልጇን በቀኝ እጇ ይዛ አልፋኝ ስትሄድ ዐይን ለዐይን ተያየን። ሐዋ ጠጋ ብላ ዳቦ ሰጠቻት። እኔ ከኪሴ በሶ ሰጠኋት፤ ምን እንደሆነ በእጄ አሳየኋት። ልጄን ከዚህ አገር ላወጣ መጥቼ ሌላዋ እናት ልጇን ይዛ እዚህ ትገባለች። ይኼን እያሰብኩ ተመለስኩ።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ተደጋግፎ ቆሟል። ሂላ ይሉታል። ፍሬው እንዳይረግፍ ሳይደርቅ ያጭዱትና ቆሞ ይደርቃል። ካልፈጠኑለት መሬት ነው የሚያተርፈው። እኛ ገብስ ቢዘገይ ወፍ ይበላዋል እንጂ እንዲህ አያጣድፍም።

ከሰዓት ትርንጎ ስትመጣ ራኩባው ሥር ነገሬን ጀመርኩ። ወንድሜን አነሣሁ፣ የአባቷን ወገብ አነሣሁ፣ የሌለ ሕመም ሁሉ አነሣሁ። እሷ የብስክሌቷን ሰንሰለት እየጠረገች ሰማችኝ። ሐዋ ግን መሐል ገባች።

«ነገ ሐሙስ ነው። ይቺ ልጅ ነገ ውረድን ልትወጣ ነው። ያንን አይተሽ ፍረጂ።»

ውረድ የዳገት ስም ነው። ከኮኪት ወጣ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ብድግ ያለ ተራራ አለ፤ ጫፉ ላይ መንደር አለ። ትርንጎ በየሐሙሱ በረዶ የተሞላች ሰማያዊ የክትባት ሣጥን ብስክሌቷ ላይ አስራ ትሄዳለች። ሞተር ቢኖርም ቤንዚን ሲገኝ ነው። ሜዳውን በብስክሌት ታልፈዋለች። ዳገቱ ግን አጭርና እጅግ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንኳን እሷ ጎረምሳውም ግማሹ ላይ ሲደርስ ወርዶ ይገፋል። ስሙም የወጣው ከዚያ ነው።

«ታዲያ እየገፋሽ ከሆነ ብስክሌቱ ለምንሽ ነው? አህያ አይሻልም?» አልኳት።

ይኼ ቃል ነካት መሰለኝ ቀና አለች።

«እማዬ፣ እንወራረድ። ነገ እግሬን መሬት ካስነካሁ ሰኞ የዝውውር ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሳላስነካ ጫፍ ከደረስኩ ግን ዳግመኛ ነይ አትዪኝም። በዚህ ነገር አታለቅሺብኝም።»

«ስንት ጊዜ ሳታስነኪ ወጥተሻል?»

«አንድም ቀን።»

ሐዋ ምስክር ሆነች። እጅ ተማታን። እኔ በልቤ ጥላውን ገዛሁ።

ሐሙስ

ማለዳ ትርንጎ ሣጥኗን አስራ ቀደመችን። እኔና ሐዋ በባጃጅ ተከተልን። ባጃጁ ዳገቱ እግር ሥር ቆመ፤ ከዚያ በላይ አይደፍርም። መንገዱን ቀና ብዬ አየሁት። ርዝመቱ ከቤቴ እስከ ምንጩ አይሞላም፤ አንድ እፍኝ ቆሎ ሳያልቅ ይወጣል። አቀበቱ ግን መሰላል ግድግዳ ላይ የተደገፈ ነው የሚመስል። ጠጠር የለበሰ፣ ባንድ ጎኑ ገደል፣ ባንድ ጎኑ የተቆረጠ ድንጋይ። ግማሹ ላይ ዲዛ አለ። ዲዛን ለማታውቁት፣ ሆዱ ጎተራ የሚያህል፣ ቅርንጫፉ ግን ተገልብጦ የተተከለ ሥር የሚመስል ዛፍ ነው።

ትርንጎ እታች ቆማ እስክትዘጋጅ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ዳኛ ነኝና እግሯን በዐይኔ ማየት አለብኝ። ሐዋ «ቀስ በዪ፣ ልብሽ ይፈርሳል!» እያለች ባጃጁ ጥላ ሥር ቀረች። እኔ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ገና ያን ጊዜ አገሬ የገባሁ መሰለኝ። ሜዳው አስፈርቶኛል፣ ሙቀቱ አስፈርቶኛል፤ ዳገት ግን ዳገት ነው። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ወጣሁት።

ዲዛው ሥር ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። ከጎኗ ትራክተር የሚጠብቁ አራት አጫጆች ተቀምጠዋል። አንደኛው ብድግ አለ።

«የቅቤዋ እናት!»

አዳሙ ነው። የሚያጭድበት እርሻ ከተራራው ወዲያ ኖሯል። «ባጃጁ ወጣ እንዴ?» አለኝ።

«ባጃጁ እታች ነው። እኔ ነኝ የወጣሁ።»

«ሳያልብዎት?» አለች ሻይ አፍይዋ።

ተቀመጥኩና ውርርዱን ነገርኳቸው። እየሳቁ ዛፉን አሳዩኝ። የዲዛው ሆድ በሰው ቁመት ልክ እንደ ተወለወለ በርጩማ ያብረቀርቃል። ልማዱ እንዲህ ነው። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ብስክሌተኛ ሲመጣ «ውረድ! ውረድ!» ብሎ ይጮኻል። የወረደ ሰው፣ ሹምም ይሁን ደላላ፣ ዛፉን ሳይስም አያልፍም።

«ዛፍ ይሳማል? እናንተ ክርስቲያን አይደላችሁም?» አልኩ።

«ኸኛ ውስጥ እስላምም አለ» አለ አዳሙ። «የተሸነፈ ይስማል ነው እንጂ አምልኮ አይደለም።»

ሻይ አፍይዋ ጨመረች፤ «ልጅዎ ስምንት ወር በየሐሙሱ ስትስመው ነው የኖረች። ከባሏ በላይ ነው የምትስመው፤ ባል ቢኖራት።»

ልቤ ጨፈረ። የጥላውን ቀለም መረጥኩ። አረንጓዴ ከፋይ፣ ዙሪያው ወርቃማ ዘርፍ ያለው።

ይኼኔ ብቅ አለች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ቆማ ትረግጣለች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ በፍጥነት አለፈችው። ከዚያ ብስክሌቷ እየከበደ መጣ። ሣጥኑ ከኋላ ስለሚጎትታት የፊት ጎማው አፍንጫውን እንደ ፈረስ ያነሣል። አጫጆቹ «ውረጂ! ውረጂ! ዲዛው ናፍቆሻል!» ማለት ጀመሩ። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ፊት ለፊት፣ ቀጥ ብላ፣ ጫፉን ጫፉን እያየች ትመጣለች።

እኔ ዕድሜዬን የጫነ አህያ ነድቻለሁ። ከገበያ እስከ ቤቴ ያለውን አቀበት እህል ጭኜ ስመላለስ ነው የኖርኩት፤ ትርንጎም ከጉልበቴ ዝቅ ካለችበት ዕድሜ ጀምሮ ከኋላዬ ነበረች። የጫነ ነገር ዳገትን ፊት ለፊት አይገጥምም። ያግድማል። ከዳር እስከ ዳር እየቆረጠ፣ መሬቱን እያታለለ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የሚወጣ አህያ ገና ያልተገራ ነው፤ ግማሹ ላይ ይንበረከካል። እነዚህ የሜዳ ሰዎች ይኼን አያውቁም። ልጄም ከነሱ ጋር ውላ ረስታዋለች።

ከዲዛው አሥር እርምጃ ሲቀራት ብስክሌቷ ቆመ ማለት ይቻላል። ግራ እግሯ ከመርገጫው ተነቀለ። ለውርርዱ ዝም ብል ይበቃኝ ነበር። ዝም ብል ልጄ በደጋ ናት። አፌ ግን ሳያማክረኝ ተከፈተ።

«አግድሚ! ትርንጎ አግድሚው! ወደ ላይ አትዪ!»

ሰማችኝ። እግሯ ወደ መርገጫው ተመለሰ። መሪው ወደ ገደሉ ዞረ።

«እስከ ዳር! አሁን መልሺ! ወደ ድንጋዩ! መልሺ!»

የአንዱን አጫጅ ዱላ አንሥቼ ከጎኗ እሮጣለሁ። ነጠላዬ ወደቀ። ልጄን ሳይሆን የጫነች አህያዬን የምነዳ መስሎኝ «መጭ! መጭ!» ብያታለሁ፤ ይኼን አዳሙ እስከ ዛሬ ሳይናገር አይቀርም። ከዳር ዳር እየቆረጠች ዲዛው አጠገብ ደረሰች። «ውረጂ» የሚለው ጩኸት ቀነሰ፣ ከዚያ ጠፋ። የጎማው የጠጠር ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማ። ዛፉን አለፈችው።

«በርቺ!» አለ አዳሙ ብቻውን። ከዚያ ሁሉም «በርቺ!»

የቀረውን ሦስት ጊዜ አግድማ ጨረሰችው። ጫፍ ላይ ልጆቻቸውን አዝለው የሚጠብቁት ሴቶች እልል አሉ። ትርንጎ ብስክሌቷን ሳትለቅ «ሣጥኑን ተቀበሉኝ!» አለች፤ ሣጥኑ ከተፈታ በኋላ ነው ወደ ሣሩ የወደቀች። ተንጋልላ ትስቃለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ። ምን እንዳደረግሁ ገና አልገባኝም።

ያስረዳኝ አዳሙ ነው። ነጠላዬን ይዞ ከኋላ መጣና «እማማ» አለኝ፣ «ልጅዎን ያስቀሯት እኮ እርስዎ ነዎት።»

ሳቄ ደረቀ። ለመቆጣት ሰው ፈለግሁ፤ ከራሴ በቀር የለም።

ትርንጎ ግን ጊዜ አልነበራትም። ተነሥታ እጇን ታጥባ ሥራ ጀመረች። ልጆቹ እየተወጉ ያለቅሳሉ፣ እናቶቹ ይስቃሉ። አንዷ «ቀኑ ሐሙስ መሆኑን በሷ ነው የምናውቅ» አለችኝ። በመጨረሻ አንድ አባት ትኩሳት ያለባትን ልጁን ይዞ መጣ። ትርንጎ የልጅቷን ጣት ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች። ጥቂት ቆይታ አየችና «ንዳድ ነው» አለች፤ ቡና ጠጪ እንደሚባል ያህል። ኪኒን ቆጥራ ሰጠችው፣ አጠጣጡን ነገረችው፣ የሚቀጥለውን ጠራች።

«በቃ?» አልኳት።

«በቃ፣ በጊዜ ከመጡ።»

ወንድሜን የወሰደው ነገር በአንድ ጠብታና በአንድ ጥቅል ኪኒን። ያን ጊዜ በዚያ አገር፣ ሐሙስ ሐሙስ ዳገት የምትወጣ የሰው ልጅ አልነበረችም ማለት ነው። ፊቴን አዙሬ ሜዳውን አየሁ። ሰሊጡ እስከ ሰማይ ጫፍ ሂላ ሂላ ሆኖ ቆሟል። ከላይ ሲያዩት አያስፈራም።

ስንወርድ ዲዛው ጋ ሻይ አፍይዋ መንገድ ዘጋችብኝ።

«የተሸነፈ ይስማል።»

«እኔ በብስክሌት አልወጣሁም!»

«ተወራርደው ተሸንፈዋል።»

ትርንጎ አፏን ይዛ ትስቃለች። እኔ ወዲያና ወዲህ አየሁ፣ አማተብኩ፣ ሳምኩት። ልስልስና ሞቅ ያለ ነው፤ ከምድጃ የወጣ ዳቦ ይመስላል። አጫጆቹ አጨበጨቡ።

ሜዳው ላይ ደግሞ ከዚያ የባሰ ሆነ። «እንግዲህ ተሸንፈሽ የለ» ብላ ሣጥኑን ባጃጁ ላይ ጭና የኋላ መቀመጫው ላይ አወጣችኝ። ሐዋ በባጃጅ ከጎናችን እየሄደች «ኻላስ! ሴትዮዋ ቆለኛ ሆነች!» ትላለች። እኔ ዐይኔን ጨፍኜ የልጄን ወገብ ይዤ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ አንዱን ዐይኔን ገለጥኩ። ነፋሱ ደስ ይላል። ይኼን ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ይኸው አሁን ሊያነበው ነው።

ዓርብ

ሐዋ ሰሊጥና ከርከዴ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኔ ሁለቱን ጋቢ ለሷ ተውኩ፤ ምን እንደምታደርጋቸው አላውቅም፣ አቅፋ ግን አልለቀቀቻቸውም። ነጭ ሽንኩርቱን የብስክሌቱ መሪ ላይ አሰርኩት። ትርንጎ አልፈታችውም።

አውቶቡሱ እስኪነሣ ቆመን ሳለ ጠየቅኋት።

«አንድም ቀን ሳትወጪው ለምን ተወራረድሽ?»

«ደክሞኝ ነበር፣ እማዬ» አለችኝ። «መቅረቴንና መሄዴን እኔም አላውቀውም ነበር። ዳገቱ ይቁረጠው ብዬ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንቺ ቆረጥሽው።»

አታልቅሺ ተብያለሁና አላለቀስኩም። አውቶቡሱ ኮኪትን እስኪያልፍ ድረስ።

ቅዳሜ

ጎንደር አድሬ ዳባት ገባሁ። ያወለቅሁትን ሁሉ በመጣሁበት መንገድ መልሼ ለበስኩ፤ ሹራቡን አይከል ላይ፣ በጋቢው ፈንታ ግን የአንድ መንገደኛ ብርድ ልብስ ተዋስኩ። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። «የታለች?» አለኝ። «ሥራ ላይ ናት» አልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ አፌ ላይ አልመረረኝም።

እሑድ ገብርኤል ሄድኩ፤ ለንስሐ አባቴ ሁሉንም አንድ ባንድ ነገርኳቸው። ዛፉን መሳሜን ስነግራቸው ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ።

«ስለቱ ልጅሽን ይዘሽ ከመጣሽ አልነበረም?»

«ነበር።»

«እንግዲያ ጥላው አይጠየቅሽም።»

«አባቴ፣ ያን ስሳል ዳገቱን አላየሁትም ነበር። ጥላውን አስገባለሁ።»

አረንጓዴው ከፋይ ለጥምቀት ይደርሳል።

ጎረቤቶቼ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁኝም። «አፍሽን ብትይዢ ኖሮ ልጅሽ እቤትሽ ነበረች» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። እኔም የምመልስላቸው አንድ ነው፤ የጫነ ነገር አቀበት ላይ ጉልበቱ ሲከዳው አይቶ ዝም ያለ ያገራችን ሰው ካለ፣ እሱ ይምጣና ይፍረድብኝ። እስከ ዛሬ የመጣ የለም።